"ድሬ ምን አላት?" ላሉት ሰው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በቅርቡ ባወጣችሁት አንድ የአንባቢ ደብዳቤ ላይ ጸሐፊው ለቁልቢ ንግሥ መጥተው ድሬዳዋ እንዳደሩ፣ ከሙቀትና ከአቧራ በቀር የሚታይም የሚቀመስም ነገር እንዳላገኙ ገልጸዋል። ሆቴል ገብተው ስፓጌቲ በሉ። ታይዋን ከሚባለው የድሬ ገበያ ብርድ ልብስ ገዙ። ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። መጨረሻ ላይም "ለመሆኑ ድሬ ምን አላት?" ብለው ጠየቁ።

እኔ ድሬ ውስጥ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ቁርስ ቤት ያለኝ ሴት ነኝ። ፈጢራ፣ ፉል፣ እንቁላልና ሻይ ነው የምሸጠው። እኚህን ሰው ልወቅስ አይደለም የተነሣሁት። ደንበኞቼ ጋዜጣውን ጮክ ብለው ሲያነቡ የተቆጣው ተቆጣ፤ እኔ ግን ሳቄ መጣ። ስፓጌቲውን ያቀረብንላቸው እኛው ነና! ለጥያቄያቸው መልስ አለኝ። መልሱን ያየሁት ግን ድሬ አይደለም። ጃፓን ነው፣ ያውም በረዶ ውስጥ ቆሜ።

ልጄ ናጎያ በምትባል ትልቅ ከተማ ትኖራለች። ጥር ላይ ወስዳኝ ሰነበትኩ። ናጎያ ፎቅና መኪና ነው፤ ስለሱ የምጽፈው የለኝም። አንድ ቀን "እማዬ፣ ገጠር ላሳይሽ" አለችኝ። ይሞቃል ወይ ብላት፣ "ከዚህ የባሰ ብርድ ነው፤ ሰው የሚሄደውም ለብርዱ ነው" አለች። አቦ፣ ለብርድ ተብሎ ይኬዳል እንዴ? እኔ እንኳን በረዶ፣ የአዲስ አበባ ሐምሌም ይበቃኛል።

የሄድንባት ከተማ ታካያማ ትባላለች። ጊፉ በሚባለው አውራጃ፣ ተራራ ውስጥ የተወሸቀች ናት። በ2005 እ.ኤ.አ. በዙሪያዋ ያሉትን ቀበሌዎችና መንደሮች ጠቅልለው አንድ ላይ አደረጓቸው። ስለዚህ በቆዳ ስፋት ከጃፓን ከተሞች ሁሉ ትልቋ ሆነች፤ ከ2,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ናት። ዘጠና ከመቶው ግን ደን ነው። ሕዝቧ 90 ሺህ አይሞላም። ድሬ በሕዝብ ብዛት እጥፍ ድርብ ትበልጣታለች። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ የማወራው ስለ ቶኪዮ አይደለም።

የሄድነው በባቡር ነው። ከናጎያ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ባቡሩ ሂዳ ይባላል፤ የአካባቢው የጥንት ስም ነው። ወንዝ ተከትሎ በገደል ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወጣል። መጀመሪያ ጣሪያ ላይ ትንሽ ነጭ ነገር ይታያል፣ ቀጥሎ ዛፉ ነጭ ይሆናል፣ ከዚያ ምድር የሚባል ነገር ይጠፋል። አባቴ ምድር ባቡር ሠርተው ነው ያሳደጉን፤ ባቡር ላይ ስቀመጥ ሌላ ሰው ነው የምሆነው። ያ መስመር ተራራውን ሰንጥቆ ያለቀው በ1934 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛው በ1902 ድሬ ደርሶ ነበር። በዚህስ እንበልጣቸዋለን ብዬ ለልጄ ነገርኳት። "አሁን በየሰዓቱ የሚመጣው የማን ነው?" አለችኝ። ዝም አልኩ።

ስለ ብርዱ ብዙ አልልም። ጥር ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ጆሮዬ የእኔ አልመስል አለኝ። መንገዱ ላይ የተረገጠ በረዶ መስታወት ይሆናል፤ ሶሉ የሚይዝ ጫማ የሌለው ሰው ይወድቃል። አሮጊቶቻቸው ግን ጉብ ጉብ እያሉ ያልፉኛል። ጠዋት ጠዋት ሁሉም በየደጁ ወጥቶ በረዶውን በአካፋ ይዝቃል። የሰው ደጅ ይዝቃሉ፣ የጎረቤት ደጅ ይዝቃሉ፣ ማንም አላዘዛቸውም።

አሮጌው ሰፈር ሳንማቺ ይባላል። መንገዱ ጠባብ ነው። ቤቶቹ ከጥቁር እንጨት የተሠሩ፣ አንዱ ከሌላው የተጣበቁ ናቸው። በመንገዱ ዳር ዳር በቦይ ንጹሕ ውሃ ይወርዳል። እንጨት ሥራቸው ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ሂዳ ተራራ ስለሆነ ሩዝ እንደልብ አይበቅልበትም። ስለዚህ ከሺህ ዓመት በፊት ግብር በእህል መክፈል ሲያቅታቸው አናጢ ይልኩ ነበር፤ አናጢዎቹ ወደ ዋና ከተማው ሄደው ቤተ መንግሥትና ቤተ መቅደስ ይሠሩ ነበር። ያ እጅ ነው እስከ ዛሬ የቆየው። ዛሬ ቤቶቹ ሱቅ፣ ምግብ ቤትና ሳኬ መጥመቂያ ሆነዋል። ሳኬ የሩዝ መጠጥ ነው፤ የሚጠመቀው በብርዱ ወራት ነው። አዲስ መጠጥ ሲደርስ ከዝግባ ቅጠል የተሠራ ትልቅ አረንጓዴ ኳስ በራፍ ላይ ይሰቅላሉ። ኳሱ ቀስ በቀስ ቡናማ ሲሆን መጠጡም በሰለ ማለት ነው። ማስታወቂያ ቢሉ ይሄ ነው፤ መብራት የለ፣ ድምጽ ማጉያ የለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ የጠዋት ገበያቸው።

ሁለት የጠዋት ገበያ አላቸው። አንዱ የድሮው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጅ ላይ ነው። ሁለተኛው ሚያጋዋ በሚባለው ወንዝ ዳር ነው፤ እኔ የወደድኩት ይሄኛውን ነው። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ውሃ አለው። የድሬው ወንዝ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ፣ ሲመጣ ደግሞ ጎርፍ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ራሱ ያስቀናል። በብርዱ ወራት ገበያው ጠዋት 2 ሰዓት ይከፈታል፣ 6 ሰዓት ላይ ይዘጋል። በበጋቸው ከዚያም ቀድሞ ይከፈታል። በረዶ ሲበዛ ድንኳኖቹ ይቀንሳሉ እንጂ ገበያው አይቀርም። ሻጮቹ ብዙዎቹ እንደኔ ዕድሜያቸው የገፋ የገበሬ ሴቶች ናቸው።

በረዶ ውስጥ ምን ይሸጣል ትላላችሁ? እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። አንዷ ሴትዮ ጋ ቆምኩ። ትንሽ ነጭ ድንኳን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ እግሯ ሥር በላምባ የሚሠራ ማሞቂያ። ጠረጴዛው ላይ በላስቲክ የታሸገ ቀይ ነገር ተደርድሯል። በአካባቢው የሚበቅል ሥር ነው፤ ቀይ ሥር አይደለም፣ ከውጭ ቀይ ከውስጥ ነጭ የሆነ እንደ ፍጅል ያለ ሥር ነው። በጨው ያደርጉትና ድንጋይ ይጭኑበታል። እየኮመጠጠ ሲሄድ የቆዳው ቀለም ወደ ውስጥ ይገባና ሁለመናው ቀይ ይሆናል። ማቅለሚያ የለው፣ ምን የለው። ጨውና ጊዜ ብቻ። ሴትዮዋ በትንሹ ከትፋ ሳህን ላይ አድርጋዋለች፤ ከጎኑ የጥርስ እንጨት አለ። ቅመሱ ማለት ነው። ሻይ ቀዳችልኝ። ገና ምንም አልገዛሁም።

እዚህ ጋ አንድ ወረቀት ነበር። ልጄ አነበበችልኝ። ምን እንደሆነ፣ የት እንደበቀለ፣ ማን እንደሠራው፣ ስንት እንደሆነ ተጽፏል። ዋጋው ለእኔም ለቶኪዮ ሰውም ለጎረቤቷም አንድ ነው። ክርክር የለም። እኔ በባሕሪዬ ሳልከራከር ዕቃ ብገዛ ያመኛል፤ ግን ቆሜ ሳስበው፣ እንግዳ ሰው የማያውቀውን ነገር የሚገዛው ዋጋውን ሳይፈራ ሲቀር ነው። የድሬው ቀፊራ ገበያ ውስጥ የሆነ ፈረንጅ ቅመም ፊት ቆሞ "ስንት ነው?" ብሎ ለመጠየቅ ሲያመነታ ስንቴ አይቻለሁ። የሚነገረው ዋጋ የፈረንጅ ዋጋ እንደሚሆን ያውቃል። የአዲስ አበባ ሰውም ያውቃል።

ቦርሳዬ ውስጥ ሚጥሚጣ ነበረችኝ። ከድሬ ስወጣ ያለሷ አልሄድም። ለሴትዮዋ ከራሷው ኮምጣጣ ላይ ትንሽ ነስንሼ ሰጠኋት። አንዴ ሳለች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው። ጎረቤቶቿን ጠርታ አንድ በአንድ አስቀመሰቻቸው። ከዚያ "ስንት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ፤ ነጋዴ ናታ! እንዲሁ ሰጠኋት። እሷም ከዚያው ኮምጣጣ ሁለት ላስቲክ ከበድ አድርጋ ሰጠችኝ። አንዱን ናጎያ በላሁት፣ ሌላውን ድሬ ያመጣሁት ጎረቤቶቼ "ኮምጣጣ ነው" ብለው ለእኔው ተዉልኝ።

የዚሁ የኮመጠጠ አትክልት ሌላ ታሪክ አለው፤ ይሄንን በደንብ ስሙኝ። ድሮ ተራራው ላይ በብርዱ ወራት ትኩስ አትክልት አልነበረም። በበርሜል ያኖሩት ኮምጣጣ አትክልትም ይበርድና በረዶ ይሆናል። ስለዚህ እሳት ላይ እያቀለጡ ይበሉት ነበር። የድህነት ምግብ ነው። ዛሬ ግን ማታ ማታ ምግብ ቤት ገብታችሁ ስታዙት በጋለ ብረት ሰሃን ላይ፣ እንቁላል ተሰብሮበት፣ እየተንጫጫ ይመጣላችኋል። "ስቴክ" ብለው ስም አውጥተውለታል። ሥጋ የለበትም እኮ! አያቶቻቸው በችግር የበሉትን ለእንግዳ በክብር ያቀርባሉ። እኛስ? እንግዳ ሲመጣ የራሳችንን ደብቀን ስፓጌቲና ክለብ ሳንዱች እናቀርባለን። ከዚያ እንግዳው ድሬ ምን አላት ይላል። ምን ይበል ታዲያ?

ያደርነው በቤተሰብ እጅ ባለ ማረፊያ ነው። ጫማ በር ላይ ይወለቃል፣ መኝታው መሬት ላይ ይነጠፋል። ጠዋት ፊቴ አንዲት ትንሽ የሸክላ ምድጃ አስቀመጡልኝ፤ ከሰል አለባት። ከላይ አንድ ትልቅ ደረቅ ቅጠል ተነጥፏል፣ ከእጄ መዳፍ እጥፍ ይሆናል። ቅጠሉ ላይ ከአኩሪ አተር የተሠራ ጨዋማ ቡናማ ሊጥ፣ የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠልና እንጉዳይ ተቀምጧል። እኛ ድፎ ስንደፋ ኮባ እንደምናነጥፈው ማለት ነው፤ ቅጠሉ ሽታውን ለምግቡ ይሰጣል። የሚለየው ይሄኛው በቀጥታ እሳት ላይ መቀመጡ ነው። ለምን አይቃጠልም ብዬ አስጠየቅሁ። ቀድመው ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ሊጡ ዳር ዳሩን መፍላት ሲጀምር በመብያ እንጨታቸው እያነሡ ነጭ ሩዝ ላይ ያደርጉታል። ሆባ ሚሶ ይባላል። በዚያ ብርድ፣ ባዶ ሆድ ላይ፣ ወላሂ የሚያህለው የለም። ሩዝ ሦስቴ አስጨመርኩ። ልጄ አፈረችብኝ።

ጾም የሚያስጨንቀው ሰው ካለ ደግሞ ልንገረው። ረቡዕና ዓርብ አልበላም ስል ልጄ ተጨነቀች፤ ሾርባቸው ሁሉ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚነሣው። አትክልት ብለው የሚያመጡት ራሱ ዓሣ አለበት። እኔ ደግሞ ዓሣውንም አልነካም፤ ይህ የየሰው ነው። ታካያማ ግን በቤተ መቅደስ የተሞላች ከተማ ናት፤ የቡድሃ መነኮሳት የሚበሉት ሾጂን ርዮሪ የሚባል ማዕድ አለ። ሥጋም ዓሣም የለውም። ሾርባው ከባሕር ቅጠልና ከደረቀ እንጉዳይ ይነሣል። ከሰሊጥ የተሠራ እንደ አይብ የሚቆረጥ ነገር፣ የተራራ ቅጠላ ቅጠል፣ እንጉዳይ፣ ሁሉም በትንንሽ ሳህን። ንጹሕ ጾም ነው። ሞያውን አደንቃለሁ፤ ግን እውነቱን ለመናገር ሽሮዬ ናፈቀችኝ። በርበሬ የሌለበት ጾም ሁለት ጾም ነው።

ስለ ሥጋው ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። የሂዳ ሥጋ ስሙ የታወቀ ነው። ስሙን ለማግኘት ከብቱ ጊፉ ውስጥ ቢያንስ 14 ወር መደለብ አለበት፤ ሥጋውም ተመርምሮ ደረጃ ይወጣለታል። የዛሬዎቹ ከብቶች ዝርያ በብዛት የሚመዘዘው በ1981 እ.ኤ.አ. ከሌላ አውራጃ ከተገዛ ያሱፉኩ ከሚባል አንድ ወይፈን ነው፤ ከ30 ሺህ በላይ ጥጃ ተገኝቶበታል ይባላል። መንገድ ላይ የሚሸጡት እንዲህ ነው፦ በእፍኝ የተድቦለቦለች ሩዝ፣ ከላይ ስስ ሥጋ፣ እሳት ለአፍታ ብቻ የነካው። ሳህን የለውም። የሚቀርበው ብስኩት ላይ ነው፤ ሥጋውን ጨርሰሽ ሳህኑን ትበያለሽ! መንገድ ላይ የሚጣል ቆሻሻ የለም ማለት ነው። ቆሻሻ መጣያም የለም፤ ያለህን ይዘህ ትሄዳለህ። ጣዕሙ? እኔ ጥሬ ሥጋ አውቃለሁ፤ ያደግሁበት ነው። ያ ሥጋ ግን ከሥጋ ይልቅ ቅቤ ነው፤ አፍ ውስጥ ይጠፋል። ሁለት ጉርሻ በቂ ነው። ሦስተኛው ይሰለቻል።

ከታካያማ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሺራካዋጎ የሚባል መንደር አለ። ፎቶውን ብዙ ሰው አይቶታል፤ ሁለት እጅ ለጸሎት እንደተገጠመ ቀጥ ያለ የሣር ጣሪያ፣ በላዩ በረዶ። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በጥርና በየካቲት በተመረጡ ጥቂት ማታዎች መብራት ያበሩበታል፤ ቀድሞ ያልተመዘገበ አይገባም። እኛ ቀን ላይ ነው ያየነው። እኔን የገረመኝ ሣሩ ነው። ጣሪያው በየ30 እና በየ40 ዓመቱ ሲቀየር የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ በደቦ ነው የሚከድነው። ባለቤቱ ብቻውን አይችለውም። ከጣሪያው ሥር ያለውን ሰገነት ድሮ የሐር ትል ያረቡበት ነበር፤ ምንም ቦታ አያባክኑም። ሰዉ ግን በዛብኝ። ፎቶ የሚያነሣው ከሚኖረው ይበልጣል።

ፍል ውሃም አለ። በዚያው ተራራ ውስጥ፣ ሒራዩ የሚባል ቦታ። ሴቶች ለብቻ ናቸው፤ ግን ልብስ የሚባል ነገር አይገባም። ታጥበህ ነው የምትገባው። ከቤት ውጭ፣ በረዶ ራስሽ ላይ እየወረደ፣ ከአንገት በታች ሙቅ ውሃ ውስጥ። ዝርዝሩን ለጋዜጣ አልጽፍም። ኤረር ፍል ውሃን የሚያውቅ የድሬ ሰው ግን ነገሩ ይገባዋል፤ የጎደለን ውሃው አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከገበያው ስንወጣ እግራችን ደንዝዞ አንድ ትንሽ ቡና ቤት ገባን። ሽማግሌ ሰውዬ ቡናውን በጨርቅ ቀስ እያሉ ያጠልላሉ። ከኋላቸው የቡና ማሰሮዎች ተደርድረዋል፤ ልጄ አንዱን አንብባ ሳቀች። "ሞካ ሐረር" ይላል። ወላሂ፣ በዚያ በረዶ ውስጥ! አዘዝን። አቀጠኑት፤ የእኛን ያህል አልተቆላም። ግን ሽታው ሽታው ነው። ልጄ ለሰውዬው እናቴ ከድሬዳዋ ናት፣ የሐረር ቡና በባቡር ወደ ባሕር የሚወርደው በኛ ከተማ በኩል ነበር ብላ ነገረቻቸው። ተነሥተው ጎንበስ አሉልኝ። ድሬ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ስለ ቡና ብሎ ጎንበስ ያለልኝ ሰው የለም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ልምጣ። ድሬ ምን አላት?

ድሬ ሐኒድ አላት። ሩዙ በሥጋው መረቅ የበሰለ፣ የፍየሉ ሥጋ ከአጥንቱ የሚላቀቅ። ድሬ ፈጢራ አላት፤ ባጂያ አላት፤ ማታ ማታ በየመንገዱ የሚጠበስ ሳንቡሳ አላት። ሙሽበክና ሐልዋ የሚባሉ ጣፋጮች አላት። የግመል ወተት አላት። ሆጃ የሚባል ትኩስ መጠጥ አላት። የሮቃ ጭማቂ አላት፤ በዚያ ሙቀት እሱን የጠጣ ሰው ለስላሳ አይመኝም። ቀፊራ አላት፤ ኦሮሞዋም ሶማሌዋም ከገጠር ይዛ የምትመጣውን በአንድ ደጅ የምትሸጥበት። የድሮው ባቡር ጣቢያ አላት። ግን ይህ ሁሉ የት እንደሚገኝ የሚያውቀው የድሬ ልጅ ብቻ ነው። መጋላ ሰፈር ውስጥ የትኛው ቤት ምን እንደሚያበስል በአፍ ነው የሚነገረው። እንግዳው ምን አፍ አለው?

ሙቀቱንም ለብቻው ልንገራቸው። እኚህ ሰው ከተማውን የዞሩት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ድሬ ውስጥ የሚዞረው እንግዳና ፍየል ብቻ ነው። ሰዉ በልቶ ተኝቷል። ድሬ የጠዋትና የማታ ከተማ ናት። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ወንበሩን ይዞ ደጁ ላይ ይወጣል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይፈላል። የታካያማ ሰዎች ብርዳቸውን አልሸሸጉትም፤ ብርዱ ያመጣውን ምግብ፣ ብርዱ ያመጣውን መጠጥ፣ ብርዱ ያመጣውን መታጠቢያ ነው የሚሸጡት። እኛ ደግሞ ማታችን አለ። ማታ 1 ሰዓት ላይ የሚጀምር ገበያ ብናበጅ ማን ይከለክለናል? ያውም ከኅዳር እስከ የካቲት ድሬ ላይ ሙቀቱ ሰው አይጎዳም፤ አዲስ አበባ በውርጭ ሲንቀጠቀጥ እኛ በሸሚዝ ነን። የቁልቢው ሕዝብ የሚመጣው በዚሁ መሐል፣ በታኅሣሥ ነው። ጠርተን የማናመጣው ሰው ራሱ ይመጣል፤ እኛ ብርድ ልብስ ሸጠንለት እንሸኘዋለን።

ጃፓን ሀብታም ስለሆነች ነው የሚሉኝ አሉ። ባቡሩንና መንገዱን አልክድም። ግን ያቺ ሴትዮ ምን ነበራት? ድንኳን፣ ጠረጴዛ፣ ማሞቂያ፣ የጥርስ እንጨትና ወረቀት። ማሞቂያውን እኛ አንፈልገውም። እኔ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ዋጋ ሰሌዳ መግዛት ነው። ፈጢራ ምን እንደሆነ፣ ውስጡ ምን እንዳለው፣ ስንት እንደሆነ ተጽፏል። መጀመሪያ ደንበኞቼ ሳቁብኝ፤ "እኛ አናውቅም እንዴ?" አሉ። ለእናንተ አይደለም አልኳቸው። ለማያውቅ ሰው ደግሞ ትንሽ ቆርሼ በነጻ አስቀምሳለሁ። ቀምሶ ሳይገዛ የወጣ ጥቂት ነው።

ሁሉም ነገራቸው አልተመቸኝም፤ ይህንንም ልበል። ወጣቱ ወደ ትልልቁ ከተማ እየሄደ ነው፤ ገበያው ላይ ያየኋቸው ሴቶች ነገ ማን እንደሚተካቸው አላውቅም። ሰላምታቸው ጨዋ ነው ግን አጭር ነው፤ የሰው ቤት ገብቶ ቡና ጠጣ የሚል የለም። ለልጅ ልጄ የገዛሁት ቀይ አሻንጉሊትም ፊት የለውም፤ ዓይንም አፍም። ድሮ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው የሚሰፉት ነው፣ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው አሉኝ። ልጁ በእስክሪብቶ ዓይን ሠራለት።

የማቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው። ከቀፊራ አጠገብ ወይም ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አንድ ጥርጊያ ይሰጠን። ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ጠዋት ከ12 እስከ 4 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ1 ሰዓት በኋላ። ምግብ የምንሠራ ሴቶች፣ ከገጠር ወተትና ማር ይዘው የሚመጡት፣ ሙሽበክ የሚጠብሱት፣ ሁላችንም አንድ ቦታ እንሁን። ዋጋ ይጻፍ፤ ለድሬውም ለመጤውም አንድ ይሁን። ከኔ ጋር የሚስማሙ ጎረቤቶች አሉኝ፤ ኪራይ ብንጠየቅም እናዋጣለን። ጥላ፣ የቧንቧ ውሃና ንጹሕ መጸዳጃ ግን ከከተማው አስተዳደር ነው የምንጠብቀው፤ እሱን በኛ አቅም አንችለውም። የሚመለከተው ክፍል ይህን ካነበበ ከታኅሣሥ 19ኙ የቁልቢ ንግሥ በፊት ቢያነጋግረን ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰዉ ሄዷል።

አክባሪያችሁ፣
የቁርስ ቤት ባለቤት
ከዚራ፣ ድሬዳዋ